ሁለተኛው ቁልፍ

ወደ ሌላ ኮሌጅ ለመዛወር የሚሞላው የመልቀቂያ ቅጽ ሰባት ፊርማ ይጠይቃል። ተማሪው ስድስቱን እስከ ምሳ ሰዓት አስፈርሟል። የቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ መዝገቧን አገላብጣ፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መጽሐፍ ሳትዋስ! ወንድሜ፣ እዚህ ምን ስትሠራ ከረምክ?» እያለች ፈረመችለት። የምግብ ቤቱ ኃላፊም፣ «መቼም የበላኸውን መልስ አልልህም» አለው። ቅጹ ሬጅስትራሩ ጋ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልገባ፣ የተቀበለው ኮሌጅ ቦታውን ለሌላ ይሰጥበታል።

የቀረው የመኝታ ቤት ፊርማ ነው። ተማሪው ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ሽማግሌው ተቆጣጣሪ ቁልፉን ተቀብለው መዝገቡን ገለጡ።

«ሁለተኛውስ?»

«የኔ ይሄ ነው፣ ጋሼ።»

«ለክፍሉ ሁለት ቁልፍ ወጥቷል። መጨረሻ የሚለቅ ሁለቱንም ያስረክባል።» መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ግድ የለም፣ የክፍል ጓደኛህን የሸንበቆን ጠፍቷል ብዬ እጽፋለሁ። ራሱ ነው ጠፋብኝ ያለኝ። እኔም፣ ‹አንተን ራስህን የት ጥለህ መጣህ› ብዬ አዋረድኩት። ነፍሱን ይማረውና።»

ብዕራቸውን አነሱ። ተማሪው ኪሱ ውስጥ ያለውን ብረት ጨበጠ።

ቁልፉን ከሸንበቆ ሱሪ ላይ የወሰደው ተማሪው ራሱ ነው። ሸንበቆ ክፍሉን ወለል አድርጎ ከፍቶ መሄድ ይወድ ስለነበር፣ አንዴ ይማር ብሎ። በማግስቱ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሲወርድ ሸንበቆ መጥቶ ሦስት ጊዜ አንኳኳ፣ ቀስ አድርጎ። ተማሪው አልጋው ላይ ዓይኑን አፍጥጦ፣ አራተኛውን ሲያንኳኳ እከፍትለታለሁ አለ። አራተኛው አልመጣም። አስም የነበረበት ልጅ ልብሱ እንደራሰ በረንዳው ላይ ዋለ፤ በሳምንቱ ተቀበረ።

ከዚያ ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር በሩ ሦስት ጊዜ ይንኳኳል። ሲከፍተው ማንም የለም። ቅጹ ላይ «የጤና ምክንያት» ብሎ የሞላው ይህንን ነው።

«አይጻፉ፣ ጋሼ።» ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሸንበቆ ያሰረው ቀይ ክር እንዳለ ነው።

«የት አገኘኸው?»

«እኔ ጋ ነበር። ጠፋብኝ ካለዎት ቀን ጀምሮ።»

«ያን እሑድ አንኳኩቶ ነበር ወይ ብዬህ፣ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር አልከኝ።»

«ነቅቼ ነበር።»

ሽማግሌው ክሩን በጣታቸው ነካኩ። «እኔ ጋ እኮ መለዋወጫ ቁልፍ ነበረ» አሉ፣ ከራሳቸው ጋር እንደሚያወራ ሰው። «ምላሴን ፈርቶ ነው ያልመጣው።» ፈርመው ቅጹን ገፋ አደረጉለት። «ይሄ ለቁልፉ ነው። ለሌላው የምፈርም እኔ አይደለሁም።»

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነበር። ሲወጣ ዝናቡ ጀመረ። በረንዳውን ይዞ እየተጣደፈ የተቆለፈው ክፍላቸው በር ላይ ሲደርስ እግሩ ቆመ። ሳያስበው ሦስት ጊዜ አንኳኳ፣ ቀስ አድርጎ።

ከባዶው ክፍል ውስጥ የአልጋ ሽቦ ሲንቋቋ ሰማ፤ የነቃ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ።

ቅጹን ብብቱ ውስጥ አድርጎ አራተኛውን አንኳኳ። ከዚያ አምስተኛውን። የሬጅስትራሩ መስኮቶች ሲዘጉ እዚያው በሩ ላይ ነበር።