ሺኛው ፒክአፕ

ታላቂቱ በታናሽ ወንድሟ መቅናት የጀመረችው እሱ ገና ፊደል በቆጠረ ሰሞን ነው። አባታቸው መካኒክ ነበሩ። ሦስት መኪና ተጠጋግቶ የሚቆምበት፣ በቆርቆሮ የተከደነ ጋራዥ ነበራቸው፤ ቤተሰቡም ከጋራዡ ጀርባ ባሉ ሁለት ክፍሎች ይኖር ነበር። ልጁ ደረቱ ደካማ ነው። የቀለም ሽታና የሞተር ጭስ ሲነካው ትንፋሹ ይቆራረጣል። ሐኪሙ "ይህን ልጅ ከጋራዡ አርቁት" ብሎ ስላዘዘ፣ እሱ ጓዳ ውስጥ ከሬድዮና ከቆዩ ጋዜጦች ጋር መዋል ጀመረ፤ እሷ ቱታ ለብሳ መኪና ስር ገባች።

ሥራ ሲያበቃ አባት እጃቸውን በናፍጣና በሳሙና ታጥበው ይቀመጡና "እስቲ አንብብልኝ፣ የኔ ጌታ" ይሉታል። እሱም የዜና አንባቢ ድምፅ እያስመሰለ ያነብላቸዋል። እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። ለእሷ ግን ቀኑን ሙሉ የሚሏት አንድ ቃል ነበር፤ "አቀብይኝ።" መፍቻውን አቀብይኝ፣ ክሪኩን አቀብይኝ፣ ያንን ጨርቅ አቀብይኝ። ማቀበሉን አልጠላችውም። የጠላችው፣ ስታቀብላቸው ቀና ብለው አለማየታቸውን ነው።

የዚያ ቤተሰብ ሀብት የተጀመረው ከአንድ የእንጨት ሰሌዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጋራዡ በር ላይ፣ መኪና የሚሸጡ ደንበኞች ወረቀት የሚለጥፉበት ሰሌዳ ነበር። ወንድምየው በአስራ ዘጠኝ ዓመቱ እነዚያን ወረቀቶች ሰብስቦ በአንድ ገጽ አሳተማቸው። ገጹ አራት ሆነ፤ በማስታወቂያዎቹ መሃል ወሬ ገባበት፤ ወሬው ዜና ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ ከተማው የሚያነበው ጋዜጣ ወጣው። ቀጥሎ በሰው ጣቢያ የአንድ ሰዓት ፕሮግራም፣ ከዚያ የራሱ ሬድዮ መጣ። እሷም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ጋዜጣው ላይ መኪና አይተው የሚገዙ ሰዎች ሳይገዙ በፊት ለማስፈተሽ ወደ ጋራዡ ይመጣሉ። አንዱ ጋራዥ ሁለት፣ ሁለቱ አምስት፣ አምስቱ ዘጠኝ ሆነ። የመለዋወጫ መደብሮች ከፈተች። በመጨረሻም ዕቃው በኮንቴይነር ተጭኖ የሚመጣ ፒክአፕ የሚገጣጠምበት ፋብሪካ አቆመች። የእሱ ማስታወቂያ የእሷን መኪና ይሸጣል፤ ጋዜጣው በከሰረባቸው ዓመታት ደግሞ የጋዜጠኞቹን ደመወዝ የቻሉት የእሷ ጋራዦች ነበሩ።

ይህን የሚያውቅ ግን ማን ነው? ሰው የሚያውቀው ድምፅ ነው። አንድ ቀን የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዳ አፏን ከፍታ ሳለ፣ ሐኪሙ "የሬድዮው ሰውዬ እህት ነሽ አሉ! በአካልም ድምፁ እንደዚያው ነው?" አላት። አፏ በመሣሪያ ስለተሞላ አልመለሰችለትም፤ ባዶ ቢሆን ኖሮ የምትለው ነገር ለጆሮ የሚከብድ ነበር። ባለ ስምንት ፎቁ ዋና መሥሪያ ቤት ተሠርቶ ሲያልቅ ደግሞ ጣራው ላይ ከሰው ቁመት በላይ በሆኑ ፊደሎች የሬድዮው ስም ተተከለ። የእሷ ፋብሪካ ስም በጎን በር በኩል ነበር፤ የጥበቃው ወንበር ግማሹን ጋርዶታል።

የሆነው ሆኖ እስከዚያ ድረስ ቅናቷ ማንንም አልጎዳም፤ ራሷን ብቻ ነበር የሚያቃጥላት። የጎዳው ወንድሟ "በወሩ መጨረሻ፣ ቅዳሜ ዕለት ቴሌቪዥን እንከፍታለን፤ ሪባኑን የሚቆርጡት አባባ ናቸው" ብሎ ባበሰረ ጊዜ ነው። እሷ ከስብሰባው በቀጥታ ፋብሪካ ሄደችና የመስመሩን አለቃ ጠራችው። በሥራው የሸበተ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር።

"እስከ ዛሬ ስንት ፒክአፕ አወጣን?"

"ዘጠኝ መቶ አስራ ሁለት።"

"ሺኛው በወሩ መጨረሻ፣ ሐሙስ ዕለት መውጣት አለበት።"

አለቃው በጣቱ ቆጠረ። "በቀን አራት ነው የምንሠራው፣ እትዬ። አይደርስም።"

"በቀን ስድስት እንሥራ።"

"እንዴት አድርገን?"

ሁለቱም ያውቁት ነበር። ሥራውን የሚያጓትተው ከፊት ጎማ አጠገብ የፍሬኑን ቱቦ የሚይዘው ትንሽ ብረት ነው፤ ሠራተኛው ከታች ተኝቶ ካልሆነ አይገጥመውም። ሁለት ጣት ያህል ከፍ ቢል ግን ቆሞ ይገጥመዋል። አለቃው "ከፍ ማድረጉ ይቻላል፤ ግን መሪው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ ጎማው ቱቦውን እንዳይነካው ጭነት አድርገን መንገድ ላይ እንፈትሸው። አንድ ወር ስጪኝ" አላት።

"አንድ ወር የለኝም" አለችና ብረቱ ከፍ እንዲል ፈረመች።

ሺኛው ፒክአፕ ሐሙስ ወጣ። አባት መጡ፣ ኮፈኑን መታ መታ አደረጉ፣ "ጎበዝ" አሉ፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሄዱ። ቅዳሜ ዕለት ግን ካሜራ ፊት ተቀምጠው እየሳቁ ሲያወሩ አመሹ። እሷም ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ አጨበጨበች።

ዓመት አለፈ። አባት ሰባ ስምንት ሲሞላቸው ልጆቻቸውን ምሳ ጠርተው "ደክሞኛል። ከሦስት ሳምንት በኋላ በድርጅታችን የሰብሳቢነት ወንበሬ ላይ ከሁለታችሁ አንዳችሁን አስቀምጣለሁ" አሏቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ እህል አልዋጥ አላት። ወንድሟ ሲስቅ ካየች 'ነግረውታል' ትላለች፤ ሲያዝን ካየችው ደግሞ 'ነግረውት እኔን ሊያታልል ነው' ትላለች።

በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት ወንድምየው ፋብሪካ ድረስ መጣ። ለደረቱ ሲል የማይረግጠው ቦታ ስለሆነ ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ አየው። መሃረቡን አፍንጫው ላይ ይዞ፣ አንዲት ዘጋቢ አስከትሎ ቢሮዋ ገባ።

"እትዬ፣ አምስት ሹፌሮች ሬድዮ ደውለዋል። ያንቺን ፒክአፕ የሚነዱ ናቸው። ፍሬን ሲይዙ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል ነው የሚሉት። አንዱ ግድግዳ ገጭቶ እግሩ ተሰብሯል።"

ዘጋቢዋ ማስታወሻዋን ከፈተች። ታላቂቱ ግን ዓይኗን ከወንድሟ ላይ አላነሳችም።

"ለማን ነግረሃል?"

"ለማንም። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዜናው ይወጣል። አንቺው መጥተሽ ብትናገሪ ይሻላል ብዬ ነው።"

"ሁለት ሳምንት ሲቀረው? ቀን ጠብቀህ ነዋ!"

"የምን ቀን?"

"አትሞኝብኝ! ወንበሩ ላይ ለመውጣት እኔን ልትረግጥ ነው የመጣኸው።"

"እትዬ፣ የሰው እግር ተሰብሯል እኮ ነው የምልሽ" አለና ሳል ያዘው። ሳሉ እስኪለቀው እንኳ አልጠበቀችም፤ በሩን ከፍታ ቆመች። ዘጋቢዋ ክንዱን ይዛ አስወጣችው።

ታላቂቱ መኪናዋን አስነስታ አባቷ ቤት በረረች። አባት ግቢ ውስጥ አንዲት አሮጌ መኪና ኮፈን ከፍተው ካንዴላ ያጸዳሉ። ጡረታቸው ያች መኪና ናት።

"አባባ፣ ያንን ልጅ አንድ ይበሉልኝ! በገዛ ጣቢያችን ስሜን ሊያጠፋ ነው። ያስቁሙት!" አለችና የሆነውን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው።

አባት ካንዴላውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት። "መኪናውን አይተሽዋል?"

"ምኑን?"

"ፔዳሉ ሰመጠ የተባለውን መኪና። ስሩ ገብተሽ አይተሻል ወይ ነው የምልሽ።"

አላየችም። እውነቱን ለመናገር መኪና ስር ከገባች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ፊቷ ጋለ። አባት ወደ ካንዴላቸው ተመለሱ።

ፋብሪካው ግቢ ጥግ ላይ ግድግዳ የገጨው ፒክአፕ ተጎትቶ መጥቶ ነበር። ከአለቃው ቱታ ተዋሰች። ለስድስት ዓመት ጫማዋ ዘይት ያልነካው ሴትዮ ካርቶን አንጥፋ በጀርባዋ ስትገባ ሠራተኛው እርስ በርሱ ተያየ። "የእጅ ባትሪውን አቀብለኝ" አለች። አለቃው አቀበላት። "መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዘው፤ እስከ መጨረሻው።" ጎማው ዞረና ቱቦውን ነካው። ቱቦው ላይ ምላጭ የሄደበት የሚመስል ጭረት ነበር፤ በጣቷ ስትጫነው የቀረው የፍሬን ዘይት ጉንጯ ላይ ተንጠባጠበ።

አለቃው ጎንበስ ብሎ "እትዬ?" አላት።

"አንተ ነግረኸኝ ነበር" አለች።

"ነግሬሽ ነበር" አለ። ለማጽናናትም ለመውቀስም አልሞከረም።

በማግስቱ ከሁለት ሰዓት በፊት ሬድዮ ጣቢያው በር ላይ ቆማ ተገኘች። ጣቢያው ከተከፈተ ጀምሮ ስቱዲዮውን ረግጣው አታውቅም። ወንድሟ ወንበር ሳበላት፣ የጆሮ ማዳመጫውንም በገዛ እጁ አስተካከለላት። ቀዩ መብራት ሲበራ እጇን ምን እንደምታደርገው ጠፋት። አፏን ስትከፍት ግን ነገሩ ለደንበኛ እንደምታስረዳው ሆኖ መጣላት፤ የትኞቹ መኪኖች እንደሆኑ፣ ዛሬውኑ መቆም እንዳለባቸው፣ ጋራዦቿ ራሳቸው ጎትተው እንደሚወስዷቸውና በነፃ እንደሚሠሩላቸው በግልጽ ተናገረች።

እዚህ ላይ ወንድሟ ሊያሰናብታት ይችል ነበር። ግን ጋዜጠኛ ነው። "ያ ብረት ለምን ቦታው ተቀየረ?" አላት።

"ሥራው እንዲፈጥን።"

"ለምን መፍጠን አስፈለገው?"

አየችው። መዋሸት ትችል ነበር፤ ገበያው፣ የደንበኛው ብዛት፣ ስንት ምክንያት ሞልቶ!

"ወንድሜን ለመቅደም" አለች። "እሱ ቴሌቪዥን ሲከፍት እኔ በሺኛው መኪና ልቀድመው ፈለግሁ። ቀናሁ። ሹፌሮቹን ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

በሬድዮ ዝምታ ትልቅ ነውር ነው። በዚያ ጠዋት ግን ጣቢያው ብዙ ሰከንድ ዝም አለ። ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ዘጋቢ ሙዚቃ አስገባች።

ስድስት ሳምንት ሙሉ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ያህል ፒክአፕ እየተጎተተ መጣ፤ አባትም ያሰቡትን ሹመት እስከዚያ አዘገዩት። ታላቂቱ ከሠራተኞቹ እኩል ካርቶን ላይ ተኝታ ስትገጥም ከረመች። እግሩ የተሰበረውን ሹፌር ቤቱ ድረስ ሄዳ ጠየቀችው። ክራንቹን ጎኑ አጋድሞ "በሬድዮ ሰማሁሽ። ጥሩ ተናገርሽ። እግሬ ግን ያው ነው" አላት። ማሳከሚያውን ሁሉ ቻለች፤ ሲሻለውም ወደ መሪ መመለስ ስለፈራ ከጋራዦቿ በአንዱ መኪና ተቀባይ ሆነ። ለመስመሩ አለቃ ደግሞ አንድ ሥልጣን ሰጠችው፤ ጉድለት ካየ እሷን ሳይጠይቅ ሥራውን ማስቆም ይችላል። በመጀመሪያው ወር ሦስቴ አስቆመ። ሦስቱንም ጊዜ ጥርሷን ነክሳ ዝም አለች።

ከዚያ በኋላ አባት ልጆቻቸውን ስምንተኛው ፎቅ ላይ ሰበሰቡና ወንበሩን ለወንድምየው ሰጡ። ለእሷም "አንቺ ስትቸኩይ የሚያስቆምሽ ሰው ያስፈልግሻል። እሱ ሲቸኩል ግን ትንፋሹ ያስቆመዋል" አሏት። ጠብቃው ነበር። ቢሆንም አቃጠላት። በደረቀ ከንፈሯ "እንኳን ደስ አለህ" አለችው። እሱ ግን ፊቱ አልፈታ አለ።

አሳንሰሩን ሲጠብቁ "ምን ሆነሃል? አግኝተህም ታኮርፋለህ?" አለችው።

"ምንም።"

"ተናገር እንጂ!"

"የአባባ ሹፌር የነገረኝ ነገር ነው" አለ፣ የአሳንሰሩን ቁልፍ ደጋግሞ እየተጫነ። "አንቺ በሬድዮ ስትናገሪ መንገድ ላይ ነበሩ። 'ጥግ ያዝ፣ ሞተሩን አጥፋ' ብለው እስክትጨርሺ ሰሙሽ። ካበቃሽ በኋላም ሂድ ሳይሉት ብዙ ቆዩ አለኝ።" ቁልፉን እንደገና ተጫነ። "ሃያ ሁለት ዓመት ስናገር አንድ ቀን ለእኔ ብለው መኪና አቁመው አያውቁም።"

የአሳንሰሩ በር ተከፈተ፤ ሁለቱም ገቡ።

"ቀናህ?"

"ተይኝ፣ እባክሽ።"

"አይ፣ ንገረኝ። በጣም?"

"በጣም።"

ታላቅ እህት ናትና አይዞህ ልትለው ይገባት ነበር። እጇንም ወደ ትከሻው ሰደድ አድርጋ ነበር፤ ግን መለሰችው። እንዲህ ያለ ደስታ በዕድሜዋ ደርሶባት አያውቅም። ምድር ቤት እስኪደርሱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ፈገግታዋን ደበቀች፤ ማጽናናቱን ለነገ አሳደረችው።