ካፖርት የሌለው ፍሪዶሊን

በጀርመኗ ካሰል ከተማ በነበረው የታንክ ፋብሪካ የንድፍ ክፍል ውስጥ እንደ ፍሪዶሊን የሚንገላታ ሠራተኛ አልነበረም። ፍሪዶሊን ከካርቶን የተቆረጠ ሰው ነው። ቁመቱ ከአንድ ክንድ አይበልጥም፤ ትከሻው፣ ክርኑና ጉልበቱ በትንንሽ የብረት ቁልፎች ስለተያያዙ እንደ ልብ ይታጠፋል። ነዳፊዎቹ አዲሱን ከባድ ታንክ ወረቀት ላይ ሲስሉ እሱን አምጥተው ሥዕሉ ላይ ያስቀምጡታል። እግሩ መርገጫው ጋ ይደርሳል? ጭንቅላቱ ጣሪያ ይነካል? ለእሱ ከተመቸ ለወታደሩም ይመቻል ተብሎ ይታለፋል። አያማርርም፣ ምሳ አይበላም፣ ፖለቲካ አያወራም። አለቆቹ እንደ እሱ ያለ ሠራተኛ በብዛት ቢያገኙ ደስታውን አይችሉትም ነበር።

ኤቫልድ ብሪንክማን ከዚህ ካርቶን ጋር ዓመታት ሠርቷል። ሃምሳን ያለፈ፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ የእሱ ድርሻ የታንኩ ሠራተኞች የሚቀመጡበትንና የሚወጡበትን ቦታ መንደፍ ነበር። ልጁ ዴትሌፍ የታንክ ሬዲዮ ሠራተኛ ሆኖ ሩስያ ዘምቷል። ኤቫልድ ራሱም በቀደመው የዓለም ጦርነት እዚያው አገር ነበር፤ የግራ ጆሮው ጫፍ በብርድ ተቆርጦ የቀረው ያን ጊዜ ነው።

በነሐሴ ወር፣ እዚያ አገር በጋ ነውና ሙቀቱ አላስቀምጥ ባለበት አንድ ቀን፣ ፍሪዶሊንን በሬዲዮ ሠራተኛው መውጫ ቀዳዳ በኩል ሲያሳልፈው እጁ ቆመ። ካርቶኑ ቀዳዳውን ታክኮ ልክክ ብሎ ያልፋል። ግን ፍሪዶሊን የተቆረጠው በሸሚዝ ብቻ በተለካ ሰው ልክ ነው። ኤቫልድ የሩስያን ብርድ አስታወሰ፤ እዚያ ሰው ሰው የሚሆነው ካፖርት ሲደርብ ነው። ካፖርት ለብሶ ደግሞ በዚህ ቀዳዳ የሚወጣ የለም። ታንኩ ቢቃጠል ልጁ ውስጥ ይቀራል ማለት ነው።

ሥዕሉን ይዞ ወደ ክፍሉ ኃላፊ ወደ ዶክተር ሽታመር ሄደ።

«ዶክተር፣ ፍሪዶሊን ካፖርት የለውም።»

«ካርቶን እኮ ነው ብሪንክማን። ይበርደዋል ብለው ነው?»

«ታንኩ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ይበርደዋል። ቀዳዳው ቢያንስ በአንድ መዳፍ መስፋት አለበት።»

ሽታመር መነጽሩን አውልቆ ሥዕሉን አየ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ግን ነበር፣ እንደ አብዛኞቻችን። አንድ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት ከኋላ ኮትቪትስ ደረሰ። ኮትቪትስ በፋብሪካው ውስጥ የፓርቲው ዓይንና ጆሮ ነው፤ ደረቱ ላይ ያለችውን ምልክት ጠዋት ጠዋት በመሐረብ ይወለውላታል።

«ካፖርቱ ለየትኛው ብርድ ነው?» አለ በለሰለሰ ድምፅ።

«ለሩስያው።»

«ብርዱ ሳይገባ ጦርነቱ እንደሚያልቅ በሬዲዮ ተነግሯል። አልሰሙም፣ ወይስ ሰምተው አላመኑም አቶ ብሪንክማን?»

ነዳፊዎቹ ሁሉ ወደ ሥዕላቸው አጎነበሱ። ጦርነቱ በመኸር የሚያልቅ ከሆነ በሚቀጥለው ዓመት የሚወጣው ታንክ ለማን እንደሚሠራ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለው ጥያቄ ሰውን የት እንደሚያስገባ ሁሉም ያውቀዋል።

«ሰምቻለሁ» አለ ኤቫልድ፣ ሥዕሉንም ጠቅልሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገዱን ሁሉ በራሱ አፈረ።

ማታ ራት ላይ የሆነውን ለሚስቱ ለጌርሊንዴ ነገራት። ሹካዋን አስቀመጠች።

«ዝም አልክ?»

«ዝም አልኩ።»

«ደግ አደረግክ። ልጄ እዚያ፣ አንተ እስር ቤት፣ ይህን ድንች ለማን ልቀቅለው?» አለች። ከዚያ ሳህኗን ወደ ጎን ገፋች። «ዴትሌፍ ትከሻው ሰፊ ነው፣ እንደ አባቴ» አለች በመጨረሻ።

በነጋታው የእንጨት ታንኩ የሚታይበት ቀን ነበር። ብረቱ ከመቆረጡ በፊት አናጢዎች ታንኩን በሙሉ መጠኑ ከእንጨት ይሠሩታል፤ ነዳፊውም የነደፈው ቦታ ገብቶ ይወጣል፤ ደንቡ ነው። ኤቫልድ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ አሮጌው የሩስያ ካፖርቱ ተሰቅሎ አገኘ። የብል መድኃኒት ሽታው ከሩቅ ይጣራል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጉንፋን ይዞሃል» አለች ጌርሊንዴ።

«ኧረ አልያዘኝም።»

«ይዞሃል አልኩህ። በጉንፋን የታሰረ ሰው አላውቅም። ልበሰው።»

ለበሰው። ትራም ውስጥ ሰዎች ሸሸት አሉለት። የእንጨት ታንኩ ዘንድ ሲደርስ ላቡ ከአንገቱ በታች ይወርድ ነበር። ሽታመርና ኮትቪትስ ከነዳፊዎቹና ከአናጢዎቹ ጋር ቆመው ይጠብቁ ነበር። የአናጢዎቹ አለቃ ሽማግሌው ላመርት ገና ሲያየው ሳቀ።

«ምነው አቶ ብሪንክማን፣ በረዶ ጣለ እንዴ?»

«ጉንፋን ነው» አለና በሰው ሠራሽ ሳል አጀበው።

ከላይ ባለው ትልቁ መግቢያ ገብቶ ልጁ በሚቀመጥበት ዓይነት ቦታ ተቀመጠ። ትኩስ የእንጨት ሽታ አለው። ከዚያ ክዳኑን ከፍቶ በጠባቧ ቀዳዳ ሊወጣ ተነሳ። ጭንቅላቱ ወጣ፣ አንድ ክንዱ ወጣ፣ ደረቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ቢገፋ አልሆነም፤ ልመለስ ቢል ካፖርቱ ተጠቅልሎ ያዘው። በመጀመሪያ ሁሉም ሳቁ። እየታገለ ቆየ፣ ሳቁም አንድ በአንድ ረገበ፤ ከቆሙት መካከል ግንባር ልጅ ያልላከ ጥቂት ነበር። ኤቫልድ ማስመሰሉን ረሳው። ዴትሌፍን አሰበና እውነተኛ ፍርሃት ያዘው፤ እግሩ ከታች የእንጨቱን ወለል ይደበድባል። ላመርት ሮጦ በብብቱ ሥር ይዞ ጎተተው፤ የካፖርቱ ስፌት ተተርትሮ እሱ ወጣ።

ኮትቪትስ ፊቱ ቀልቷል። «ይህ ትርኢት ለማን ነው?»

መልስ የሰጠው ሽታመር ነበር፤ ከእሱ ያልተጠበቀ ነገር።

«ብሪንክማን፣ እርስዎ ወፍረዋል።»

ኤቫልድ እያለከለከ አየው። «አዎ ዶክተር፣ ወፍሬያለሁ።»

«ወታደሮቻችንም እንዲሁ። ፓርቲው እንዴት እንደሚቀልባቸው ሁላችንም እናውቃለን። ከድል በኋላማ ጭራሽ ትከሻቸው ይሰፋል። የእኛ ፍሪዶሊን ግን ከስቷል። የጀርመን ወታደር እንዲህ ከሲታ ነው እንዴ አቶ ኮትቪትስ?»

ኮትቪትስ ደረቱ ላይ ያለችውን ምልክት ነካ። ወታደሩ ከሲታ ነው ብሎ ሊፈርም አይችልም። «አይደለም» አለ። ላመርትም ሌላ ቃል ሳይጠብቅ ቀዳዳውን ሊያሰፋ መጋዙን አነሳ። ያን ቀን ፍሪዶሊን ሰፊ ትከሻና ቦርጭ ተቆርጦለት ተለጠፈለት። ካፖርት የሚባል ቃል የትም አልተጻፈም።

ኤቫልድ ያን ዕለት እንደ ልጅ ደስ አለው። ደስታው ግን እስከ ቤቱ አላደረሰውም። ከታንኩ ስለሚወጣው ሰው ይህን ያህል ሲጨነቅ፣ ታንኩ ራሱ የማን ደጃፍ እንደሚገባ አንድ ቀን እንኳ እንዳላሰበ ታወቀው። እዚያም አባት አለ። ይህን ለጌርሊንዴም አልነገራትም።

ጦርነቱ በመኸር አላለቀም። በረዶው ወረደ፤ በገና ሰሞን መንግሥት ሳያፍር ከሕዝቡ ካፖርትና የፀጉር ልብስ መለመን ጀመረ፤ ወታደሮቹ በበጋ ልብስ እየረገፉ ነበር። በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የብሪንክማን በር ተንኳኳ። ኮትቪትስ ነው፤ ከኋላው በልብስ የተሞላ የእጅ ጋሪ ቆሟል።

«ለወታደሮቻችን . . .» ብሎ ጀመረና ከኤቫልድ ጀርባ የተሰቀለውን አየ። ካፖርቱን አወቀው።

ለየትኛው ብርድ? ኤቫልድ ይህን መልስ ለወራት በአፉ ይዞት ኖሯል። አሁን ግን ሰውየውን ሲያየው ተወው። ካፖርቱን አውርዶ ዘረጋለት።

«ቆይ» አለች ጌርሊንዴ። መቀስ ይዛ መጣችና ካፖርቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆረጠች። በቦታቸው አንድ ረጅም ገመድ ሰፍታ በላላ ቋጠሮ አሰረችው።

«ምን እያደረጉ ነው ወይዘሮ ብሪንክማን? ቁልፍ የሌለው ካፖርት?»

«አንዴ ሲስቡት ተፈቶ ይወልቃል» አለች ቀና ሳትል።

«አዲሱ ታንክ ገና አልወጣም» አለ ኤቫልድ። «አሁን እዚያ ያሉት በአሮጌዎቹ ነው ያሉት። ዴትሌፍም። የእነሱ ቀዳዳ ጠባብ ነው፤ ካፖርት ለብሶ አያስወጣም። ለሚደርሰው ልጅ ይንገሩልኝ፣ ገመዱን ይሳብ።»

ኮትቪትስ ካፖርቱን ተቀብሎ ወደ ጋሪው ሄደ። ከክምሩ ላይ አስቀመጠው፤ ግን ጋሪውን አልገፋም። ጎንበስ ብሎ ከታች አንድ ጥቁር፣ ገና አዲስ የሚመስል ካፖርት መዞ አወጣ፤ ፋብሪካ ለብሶት ሲመጣ ኤቫልድ የሚያውቀው የራሱ ካፖርት ነበር። ይዞት ተመልሶ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«የእህቴ ልጅ የታንክ ሹፌር ነው» አለ፤ ድምፁ እንደ ወትሮው አልለሰለሰም። «ይህንንም እንደዚያ ቢያደርጉልኝ።»

ጌርሊንዴ ካፖርቱን ከእጁ ተቀበለች። ከዚያ ወንበር ሳበችለትና መቀሱን አነሳች።