ከላይ የሚነበብ ሰፈር

የአዋሽ ጣቢያ ሰፈራችን ፕላን የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። ከባቡር የወረደ ሁሉ ሻንጣውን ባስቀመጠበት ቦታ ቤቱን ቀለሰ፤ በቃ ሰፈር ሆነ። ከላይ ለሚያየው የተበተነ ጣሳ ይመስላል።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጥጋቡ፣ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን በሄሊኮፕተር ሊጎበኙን መሆናቸውን ሲሰማ፣ ቆርቆሯችን ላይ በኖራ መፈክር አስጻፈን። «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን» ይላል። ለየቤቱ አንድ አንድ ቃል ታደለ። «ተፈጥሮን» የሚለው፣ ከወሎ መጥታ ሻይ ቤት ለከፈተችው ለሐቢባ ደረሳት።

«ጣሪያዬ ምስማር የለውም፤ ድንጋይ ነው የያዘው» አለችው።

«አብዮቱ ይይዘዋል» አላት ጥጋቡ።

ሄሊኮፕተሩ መፈክሩ እንዲነበብ ዝቅ ሲል፣ ነፋሱ የሐቢባን ጣሪያ ነቅሎ ከሐዲዱ ማዶ ጣለው። ሰፈሩን ሊያሳይ አብሮ ተሳፍሮ ከእንግዳው ጎን የተቀመጠውን ጥጋቡን ላብ አጠመቀው።

«ጓድ፣ ይቅርታ፣ አንድ ቃል ጎደለ» አለ።

እንግዳው አጎንብሰው አነበቡ፤ «በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን»። ቃሉ በነበረበት ቦታ፣ ጣሪያ አልባው ቤት ውስጥ፣ ሐቢባ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ሽቅብ ታያቸዋለች።

«ምንም አልጎደለውም» አሉ።