የዘር ባቄላ

...ግማሽ ነው፣ ጆንያውን አይጥ ቀዶት ትናንት በገዛ እጇ የገለበጠችበት ባልዲ እስከ አፉ ሙሉ ነበር፣ አሁን ግማሽ፣ ማን ነካው፣ ቤት የዋሉት አማቷ ናቸው፣ አማቷና ሁለቱ እንግዶች፣ ምሳ ሰዓት ነው። ባቄላ። መድኃኒት የተቀባ የዘር ባቄላ።

ከጎተራው እስከ ቤት ሃምሳ እርምጃ አይሞላም፣ ዛሬ ግን አያልቅም፣ ጫማዋ ይወልቃል፣ ይውለቅ፣ መድኃኒት ሻጩ እኮ ነግሯታል፣ እቴ፣ ይሄ ለዶሮም አይሰጥም፣ ከነካሽው በሳሙና ታጠቢ፣ ታጥባለች፣ ደጋግማ ታጥባለች፣ ለአማቷ መንገር ግን፣ ኧረ ምን ዓይነት ራስ ነው የተሸከምኩት፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ መድኃኒቱ ያቀላውን ከደህናው አይለዩ።

አደራ፣ ብሏት ነበር የእንግዶቹ አስተማሪ፣ ባሕር ተሻግረው እዚህ ዩኒቨርሲቲ ሊማሩ የመጡ ናቸው፣ የገበሬ ኑሮ ይዩ፣ ሳምንት ብቻ፣ የቀረበላችሁን አትመልሱ፣ ሰው ይከፋዋል ብያቸዋለሁ። አትመልሱ። ቢመራቸውም አይመልሱማ።

ድስቱ ወርዷል። ባዶ። ረጅሙ ልጅና ባለመነጽሯ ልጅ ጠረጴዛው ጋ ናቸው፣ አማቷ ደስ ብሏቸዋል፣ ጨረሱልኝ፣ ልጅቷንማ ደገምኳት፣ እኔ እንግዳ ይቅደም ብዬ አልቀመስኩም ይላሉ። ፈልቷል እኮ፣ መድኃኒቱ ከውኃው ጋር ሄዶ ይሆናል፣ ዝም ብትልስ፣ ሆዳቸውን ቢቆርጣቸው ውኃ ለውጠው ነው ይባላል፣ የሰው አገር ልጆች መርዛ ገደለች ከመባል፣ ባሏ ታስሮ፣ እሷ ታስራ፣ ዝም በይ፣ ወይ አንቺ ሴት፣ እናቶቻቸውን በምን ዓይንሽ ልታዪ ነው።

መርዝ ነው፣ ትላለች። የበላችሁት መርዝ ነው።

አማቷ ራሳቸውን ይይዛሉ። ባለመነጽሯ፣ ቋንቋው ገና አልገባትም፣ ፈገግ ብላ ደብተሯን ታወጣለች፣ አዲስ ቃል፣ መርዝ፣ መርዝ፣ እያለች ትጽፋለች። ረጅሙ ግን ገብቶታል፣ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ይቅርታ እናቴ፣ መረረኝ፣ እንዳይከፋችሁ ብዬ ነው፣ ይልና ከኪሱ እፍኝ ባቄላ ጠረጴዛው ላይ ያፈሳል፣ ከሌላኛውም ኪስ እፍኝ፣ ተመስገን፣ ውሸታሙ ልጄ፣ ባለጌው ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥህ፣ አንቺስ፣ አንቺስ ልጄ፣ ያንቺ ኪስ የታለ።

ሁሉም ሲያዩዋት ልጅቷ ስለ ምግቡ የሚጠይቋት ይመስላታል። ሰሃኗን አንስታ ታሳያለች። አንድ ፍሬ አልቀረበትም።

ጣፋጭ፣ ትላለች።

የልጅቷን እጅ ትይዛለች፣ መኪና መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሐኪም ቤት የሚያደርስ የማንም መኪና ይሁን፣ እጇ ሞቃት ነው፣ ገና ሞቃት ነው፣ ተነሺ ልጄ፣ በእናትሽ ተነሺ