የሁለተኛዋ ፋይል

እኔ የተዝረከረከ ነገር አይሆንልኝም። በክሊኒኩ መዝገብ ቤት አሥራ ሁለት ዓመት የቆየሁት፣ ሰዉ ቢያማኝም፣ በዚሁ ጠባዬ ነው። የኮምፒውተር ባለሙያችንን “ጎተራ” ብዬ የሰየምኩትም እኔው ነኝ፤ ምንም ነገር መጣል አይወድማ።

ባለፈው ሳምንት ሁለቴ የገቡ ፋይሎችን ሳጸዳ፣ ስም የሌላቸው ሁለት ሕፃናት አገኘሁ። እኛ ጋ ሕፃን ሲወለድ በእናቱ ስም ይመዘገባል፤ ወላጅ ስሙን አምጥቶ ካላስሞላ እንደዚያው ይቀራል። እናት አንድ፣ የልደት ቀን አንድ፣ አድራሻ አንድ። ምን ልጠራጠር? አንዱን ሰረዝኩት።

ዛሬ ጠዋት አንዲት እናት ጤነኛ ሕፃን ታቅፋ መስኮቴ ላይ ቆመች። የታመመችው መንትያዋ ናት፣ ሳንባዋን ነው፣ ውስጥ ተኝታለች አለችኝ። ነርሷ መርፌ ቀድታ ስትመጣ፣ ክረምት ላይ የልጅቷን ፊት ያሳበጠውና ትንፋሽ ያሳጣት መድኃኒት እንዳይሆን ብላ አስቁማታለች። ሐኪሙ ፋይሉን ቢያይ ክትባት ብቻ ነው ያለው።

“የመድኃኒቱን ስም አላውቀውም” አለች። “እናንተ ግን ጽፋችሁት ነበር።”

መንትያ የሚለውን ስሰማ ክው አልኩ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም እያልኩ ለጎተራ ደወልኩ። የሆነውን ነገርኩት፤ እሱ ግን አልሳቀብኝም።

“አይዞሽ እታለም” አለኝ። “አንቺ ስትሰርዢ ‘ተሰርዟል’ የሚል ምልክት ብቻ ነው የሚደረግበት። ከዓይንሽ ይሰወራል እንጂ ካለበት ንቅንቅ አይልም።”

ምልክቱን ሲያነሳው ፋይሉ ከነሙሉ ታሪኩ መጣ። አይስማማትም ተብሎ በቀይ የተጻፈው መድኃኒት ነርሷ በመርፌ የያዘችው ራሱ ነበር። ሐኪሙ አስጥሎ ሌላ አዘዘ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ወንበሬ ላይ ዘፍ ብዬ፣ ሰው ይየኝ አይየኝ ሳልል አለቀስኩ።

ሌላ ቀን ቢሆን በኮምፒውተሩ ባላከክሁ ነበር። ለእናትየው ግን የሰረዝኩት እኔ ነኝ አልኳት። ከውስጥ የሕፃኗ ለቅሶ ተሰማ፤ አዲሱን መርፌ ተወግታ ነው። የታቀፈቻትን ልጅ በመስኮቱ አሳልፋ ሰጠችኝ።

“ያዢልኝ፣ ወደዚያችኛዋ ልግባ” አለች። “ደግሞ ሁለት ናቸው።”