የላጤው ሚስት ጉልበት

ሕጉ አንድ ባለቤት ከአንድ በላይ የሬዲዮ ጣቢያ እንዳይዝ ይከለክላል። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ላጤው» እያለ የሚያሾፍበት ተቆጣጣሪ ያን ቀን የወጣው፣ ሦስት ጣቢያዎች እውነት የተለያየ ባለቤት እንዳላቸው ሊያጣራ ነበር።

የመጀመሪያው ጣቢያ ሥራ አስኪያጅ «ምሳ ሳልጋብዝዎ አይሄዱም» ብሎ ሙጭጭ አለበት። ላጤው የሰው ምሳ በልቶ አፉ እንዲዘጋ አልፈለገምና የመጣለትን ተናገረ። «ባለቤቴን ጉልበቷን አሟታል፤ ሐኪም ቤት ላደርሳት ነው።» ሚስት የለው፣ ጉልበት የላት! በራሱ ውሸት እየሳቀ መኪናው ውስጥ ገባ።

ሁለተኛው ጣቢያ ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው። ሥራ አስኪያጇ የመጀመሪያውን ጣቢያ ሰዎች በዓይኗም አይታቸው እንደማታውቅ ምላ ተገዝታ ነገረችው። ሊወጣ ሲል ግን እጁን ያዝ አድርጋ፣ «ባለቤትዎን ጉልበታቸውን ተሻላቸው?» አለችው።

በሦስተኛው ጣቢያ ገና ደረጃውን ሲጀምር ጥበቃው ከላይ ሆኖ፣ «እግዜር ይማርልዎ ጌታዬ፤ ባለቤትዎ ደረጃ መውጣት አቃታቸው አሉ» አለው። ላጤው ስቱዲዮውን እንኳ ሳያይ ተመለሰ።

ቢሮ ደርሶ ትንፋሹን ሳይሰበስብ አለቃው ዘንድ ገባ። «ጋሼ፣ ሦስቱም የአንድ ሰው ናቸው! ደርሼባቸዋለሁ!»

አለቃው ጠዋት እንኳ «አንተ ልጅ፣ መቼ ነው ሰርግህን የምታበላን?» ሲለው ነበር። አሁን ቀስ ብሎ በሩን ዘጋና ትከሻውን ያዘው።

«እሱ ይደርሳል» አለው። «አንተ ቶሎ ወደ ቤትህ ሂድ። ያን ጉልበቷን ይዛ ብቻዋን ናት እኮ።»