የሐሰት ምልክቶች

ኢዋኦ ከወደቀበት ቀና ሲል ሚስቱ ፉሚኤ ከሥሩ ነበረች። መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ እግሮቹ ከወለሉ እንደተጣበቁ ቀርተው ገላው ብቻ ወደፊት ሲያዘነብል፣ ልትደግፈው ሮጣ አብራው ወደቀች።

«ተጎዳህ?» አለችው።

«እኔ ደህና ነኝ። አንቺስ?»

«እጄ ነው መሰለኝ» አለች፣ የሌላ ሰው እጅ የምታይ ይመስል ረጋ ብላ። የግራ እጇ አንጓ ተጣሞ ነበር።

ከቀትር በኋላ በጎረቤት መኪና ከሐኪም ቤት ተመለሰች። እጇ በጀሶ ታስሯል፤ እንደዚያም ሆና በአንድ እጇ ለራት ሩዝ ማጠብ ጀመረች። ኢዋኦ «እኔ ልጠበው» ሊላት ፈለገ። ግን በሚንቀጠቀጥ እጁ እንደሚደፋው ስለሚያውቅ አቀርቅሮ ተቀመጠ።

ኢዋኦ ኩዋባራ በኦኖሚቺ ከተማ ዳገት ላይ የስንቱን ቤት ጣራ በሸክላ የከደነ ሰው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ጣራ ለጣራ ሲመላለስ አንድም ቀን እግሩ አልከዳውም። የፓርኪንሰን ሕመም ከያዘው ወዲህ ግን ናሩሴ የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በየሐሙሱ ቤቱ ትመጣለች። የዕቃ ማጠቢያውን ገንዳ ይዞ ተረከዙን እንዲያነሳ፣ በእጁ ሳይደገፍ ከወንበር ዐሥር ጊዜ እንዲነሳ፣ ሲዞርም ሰፋ አድርጎ እንዲዞር ታሠራዋለች። በሌላው ቀን በራሱ ሠርቶ ወረቀት ላይ ምልክት ማድረግ የእሱ ፋንታ ነበር።

ምልክቱን አድርጓል። እንቅስቃሴውን ግን አልሠራም። የጣራ ሰው ገንዳ ይዞ እንደ ሕፃን ቆመ ቆመ ሲል ጎረቤት ቢያየው ምን ይላል? ሁለት ወር ሙሉ፣ ፉሚኤ ገበያ ስትወጣ ቴሌቪዥን ከፍቶ ይቀመጣል፤ ስትመለስ «ጨርሻለሁ» ይላታል። እሷም «ጎበዝ» ብላ መንደሪን ትልጥለታለች።

ዕለቱ ሐሙስ ነበርና ናሩሴ በሰዓቷ መጣች። የሆነውን ስትሰማ ወረቀቱን አንስታ አገላበጠች።

«አንድም ቀን አላጎደሉም» አለች። «እንዲህ እየሠሩ ከወደቁ ጥፋቱ የእኔ ነው። የሰጠኋቸው እንቅስቃሴ አልተስማማቸውም ማለት ነው። ለኃላፊዬ ነግሬ፣ ከእኔ የተሻለ ልምድ ያለው ሰው እንዲተካኝ አደርጋለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።» ዝቅ ብላ እጅ ነሳች።

«ኧረ ልጄ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ?» አለች ፉሚኤ። «እሱም ቢሆን ከልቡ ነው የሚሠራው። እኔ ነኝ ምስክሩ።»

የኢዋኦ ፊት ጋለ። ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ተዳፍኖ ይቀራል።

«አልሠራሁም» አለ።

ሕመሙ ድምፁንም አድክሞት ስለነበር አልሰሙትም።

«ምን አልክ?»

«አልሠራሁም አልኩ። ብቻዬን ስሆን አንድ ቀን እንኳ አልሠራሁም። ምልክት ብቻ ነው ያደረግኩት።»



«መንደሪኑንስ?» አለች ፉሚኤ።

«እሱን በልቻለሁ።»

ናሩሴ ሳቋ እንዳያመልጣት አፏን በእጇ ሸፈነች። ፉሚኤ ግን አልሳቀችም። ጀርባዋን ሰጥታቸው ወደ ሩዟ ተመለሰች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ኢዋኦ የወንበሩን ክንድ ይዞ ተነሳ። ናሩሴ ልትደግፈው እጇን ዘረጋች፤ ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። በትንንሽ እርምጃ ገንዳው ዘንድ ደርሶ ከሚስቱ ጎን ቆመ፤ ጠርዙንም በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ቁጠሪልኝ» አላት። «በእኔ ቆጠራ እንደሆነ ከእንግዲህ ማንም አያምንም።»

 ፉሚኤ የሩዙን ሳህን ወደ ጎን ገፋ አደረገችለት። ኢዋኦ ጥርሱን ነክሶ ተረከዙን አነሳ።

«ይሄ አይቆጠርም» አለች፣ ዓይኗን ከእግሩ ሳትነቅል። «ወለሉን አልለቀቀም።»

እንደገና አነሳ።